ሪፖርት አልመጣም ማለት ጉዳት አልደረሰም ማለት አይደለም

«መድኃኒቱን ይህን ያህል ሕዝብ ወስዶት የጎንዮሽ ጉዳት ሪፖርት የተደረገው በጣት የሚቆጠር ነው፤ ስለዚህ አያሰጋም።» ስለ አንድ መድኃኒት ደኅንነት ጥያቄ በተነሳ ቁጥር የሚሰጠው መልስ ይኸው ነው፤ ሰሞኑንም ያንኑ ሰማን። ተራ ሰው ቢናገረው ባለማወቅ ነው ተብሎ ይታለፋል። መድኃኒት የመቆጣጠር ኃላፊነት የተሰጠው ሰው ሲናገረው ግን ሕዝብን ማሳሳት ነው።

የሪፖርት ቁጥር ጉዳትን አይለካም። አንድ ሪፖርት መዝገብ ላይ እስኪደርስ ድረስ ጉዳቱ መታየት አለበት፤ ያየው ባለሙያ መድኃኒቱን መጠርጠር አለበት፤ ከዚያም ቅጹን አግኝቶ፣ ሞልቶ መላክ አለበት። ከእነዚህ አንዱ ከተጓደለ፣ የሰውየው ጉበት ቢበላሽም፣ ኩላሊቱ ሥራ ቢያቆምም፣ በመዝገቡ ላይ ምንም አልሆነም።

«ሐኪሞች አንዳች ነገር ቢያዩ ዝም አይሉም ነበር» የሚለው ማስተባበያ ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው። ዝም እንደሚሉ ከተለካ ቆይቷል። እ.አ.አ. በ2006 የታተመ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እ.አ.አ. ናቸው)፣ በ12 አገሮች የተሠሩ 37 ጥናቶችን የመረመረ ጽሑፍ፣ በፈቃደኝነት ላይ በቆመ አሠራር ሪፖርት ሳይደረግ የሚቀረው ጉዳት በመካከለኛ ግምት 94 በመቶ ነው ብሏል። ከመቶ ጉዳት ስድስቱን ይዞ ስለ መቶው መማል ምን ይሉታል? ሐኪሞቹ ክፉ ሆነው አይደለም። ሕመምተኛው መድኃኒቱን ከአንድ ቦታ ይወስድና ጉዳቱን ይዞ የሚሄደው ወደ ሌላ ቦታ ነው። ጉበት ላይ የሚደርስ ጉዳት ከሳምንታት፣ አንዳንዴም ከወራት በኋላ ይገለጣል። አምስት ዓይነት መድኃኒት በሚወስዱ አዛውንት ላይ የቱ እንዳደረሰው ለመለየት ያስቸግራል። «አንተ ነህ ያዘዝከው» መባልን የሚፈራም አለ።

ከሁሉም በላይ አደገኛው ግን የተለመደ በሽታ መስሎ የሚመጣ ጉዳት ነው። ሮፌኮክሲብ የተባለውን የመገጣጠሚያ ሕመም ማስታገሻ እናስታውስ። በ1999 ገበያ ላይ ዋለ። የ65 ዓመት ሰው የልብ ደም ሥሩ ተዘግቶ ሲወድቅ «የጉልበት ማስታገሻው ይሆን?» ብሎ ቅጽ የሚሞላ ማን ነው? ዕድሜው ነው፣ ግፊቱ ነው፣ ሲጋራው ነው ይባላል። ጉዳዩን የቆረጠው 2,586 ሰዎችን ለሁለት ከፍሎ፣ ለአንዱ ወገን መድኃኒቱን ለሌላው ማስመሰያ እንክብል የሰጠ ሙከራ ነው። መድኃኒቱን ከወሰዱት 46ቱ፣ ማስመሰያውን ከወሰዱት 26ቱ ከደም መርጋት የተነሳ የልብ፣ የአንጎል ወይም የደም ሥር አደጋ ደረሰባቸው። ልዩነቱ ጎልቶ የወጣው ከ18 ወር በኋላ ነበር። አምራቹ መድኃኒቱን ከገበያ ያወጣው በሴፕቴምበር 2004 መጨረሻ ላይ ነው። ቀድሞ በ2000 በታተመ ሌላ ሙከራ፣ ናፕሮክሲን የተባለ ሌላ ማስታገሻ ከወሰዱት ይልቅ ሮፌኮክሲብ በወሰዱት ላይ የልብ አደጋው በርክቶ ነበር፤ ያኔ «ናፕሮክሲን ልብን ስለሚጠብቅ ነው» ተብሎ ታለፈ። አራት ዓመት ሙሉ።

እዚህ ላይ ሒሳቡን ሳላነሳ አላልፍም። ክፍልፋይ ላዕልና ታህት አለው። የሪፖርት ብዛት ላዕል ነው፤ ያውም የተሸራረፈ ላዕል። ታህቱ መድኃኒቱን በትክክል የዋጡት ሰዎች ቁጥር ነው። ከመጋዘን የወጣው ካርቶን ታህት ሊሆን አይችልም፤ መደርደሪያ ላይ የቀረ፣ ጊዜው ያለፈበት፣ ሰው በሁለተኛው ቀን የተወው አለበትና። ሦስተኛም ነገር ያስፈልጋል፤ መድኃኒቱን ባልወሰዱ መሰል ሰዎች ላይ ያው ሕመም ምን ያህል ጊዜ ይከሰታል? እነዚህ ሳይኖሩ «ጥቂት ነው» የሚለው ቃል ከምን አንጻር ጥቂት እንደሆነ አይነግረንም።

የታህት ጉልበት በቦትስዋና ታይቷል። ከ2014 ጀምሮ በተመረጡ ሆስፒታሎች የሚወለደው ሕፃን ሁሉ በአዋላጆች ይመረመራል፤ እናቱ የወሰደችው መድኃኒትና የጀመረችበት ጊዜ ይመዘገባል። ጤነኛውም ይመዘገባል፤ ዋናው ነገር ይህ ነው። በ2018 ዶሉቴግራቪር የተባለውን የኤችአይቪ መድኃኒት ከጽንስ በፊት ጀምረው ሲወስዱ ከነበሩ እናቶች ከተወለዱ 426 ሕፃናት አራቱ የአንጎል ወይም የኅብለ ሰረሰር አፈጣጠር ጉድለት ተገኘባቸው፤ 0.94 በመቶ መሆኑ ነው። ሌላ የኤችአይቪ መድኃኒት በወሰዱት ዘንድ 0.12 በመቶ ነበር። ማስጠንቀቂያው ወዲያው ወጣ። መዝገቡ ግን አልተዘጋም፤ ቆጠራው ቀጠለ። በ2019 ቁጥሩ ከ1,683 ሕፃናት አምስት፣ ማለትም 0.30 በመቶ ሆነ፤ ከዓመታት በኋላ ልዩነቱ ጠፋ። በዚያው በ2019 የዓለም ጤና ድርጅት መድኃኒቱን ለመውለድ የደረሱ ሴቶችን ጨምሮ ተመራጭ አደረገው። ያ መዝገብ ባይኖር ከሁለት ስሕተቶች በአንዱ እንወድቅ ነበር፦ ወይ አራቱን ሕፃናት ማንም አያያቸውም፣ ወይ ደግሞ አራቱ ብቻ ታይተው ሴቶች ከተሻለ መድኃኒት ለዘለዓለም ይከለከላሉ። በፈቃደኝነት የተላኩ አራት ቅጾች ከሁለቱ ስሕተቶች አንዱንም አያስቀሩም ነበር።

«በክሊኒካዊ ሙከራው ላይም አልታየም» የሚሉም አሉ። በ3,000 ሰዎች ላይ አንድም ጊዜ ያልታየ ጉዳት፣ በ95 በመቶ እርግጠኝነት ሊባልለት የሚችለው ከሺህ አንድ ሰው በላይ አይጎዳም ብቻ ነው፤ ሦስትን ለተሳታፊዎቹ ቁጥር ማካፈል ነው። ከሺህ አንድ ደግሞ መድኃኒቱ ሚሊዮን ሰው ጋ ሲደርስ ሺህ ሰው ነው። ለዚያውም ከሙከራው ውስጥ ነፍሰ ጡሯ፣ ኩላሊቱ የደከመውና ብዙ መድኃኒት የሚወስደው አብዛኛውን ጊዜ አስቀድመው ይወጣሉ።

በፈቃደኝነት የሚላክ ሪፖርት ጥቅም እንዳለው አልክድም። በ1961 ታሊዶማይድን ያጋለጡት ንቁ ሐኪሞች ናቸው። ግን እጅና እግሩ ሳያድግ የሚወለድ ሕፃን እጅግ ብርቅ ስለነበረ ነው ዓይን ውስጥ የገባው፤ እንዲያም ሆኖ መድኃኒቱ ከ1957 ጀምሮ ሲሸጥ ቆይቶ ከ10,000 በላይ ሕፃናት ተጎድተዋል።

የሚላከው ሪፖርትም ቢሆን ለሥራ የሚውል ይሁን። ዝቅተኛው መስፈርት አራት ነው፦ ሕመምተኛ፣ ሪፖርት አድራጊ፣ የተጠረጠረ መድኃኒትና የደረሰው ጉዳት። በዚህ ብቻ የተላከ «ሽፍታ ወጣበት» የሚል ቅጽ ግን ምንም አያስፈርድም። መድኃኒቱ የተጀመረበት ቀን፣ ሽፍታው የወጣበት ቀን፣ ትኩሳትና የአፍ ወይም የዓይን ቁስል መኖሩ፣ አብሮ የተወሰደው ሁሉ፣ የባህል መድኃኒትም ጭምር፣ ሲቋረጥ መሻሻሉ፣ እንደገና ሲጀመር መመለሱ መጻፍ አለበት። የምርት ባች ቁጥሩም፣ ማለትም በአንድ ዙር የተመረተው መድኃኒት መለያ፣ እንዲሁ። በ2022 በጋምቢያ ሕፃናትን ለኩላሊት ጉዳት የዳረገው በሽሮፕ ውስጥ የተገኘው ዳይኤቲሊን ግላይኮል ነበር። እንዲህ ያለ መርዝ ያለበትን ሽሮፕ ለይቶ ለመሰብሰብ የመድኃኒቱ ስም ብቻ አይበቃም፤ የተበከለውን ምርት ከጤነኛው የሚለየው ባች ቁጥሩ ነው።

አያሰጋም ለማለት የፈለገ አካል መንገዱ ክፍት ነው። አዲሱን መድኃኒት ከሚጀምሩት የመጀመሪያዎቹን 10,000 ሰዎች ይመዝግብ፤ ከሦስት ሺህ ሰው በአንዱ ላይ የሚደርስ ጉዳት በ95 በመቶ እርግጠኝነት ቢያንስ አንድ ጊዜ እንዲታይ ይህን ያህል ገደማ ሰው ያስፈልጋል። ስልካቸውን ይዞ፣ ቀን ቆርጦ ይደውልላቸው። ጥያቄውም «መድኃኒቱ ጎዳህ ወይ?» አይሁን፤ ሕመምተኛው ያልጠረጠረውን አይናገርምና። «መድኃኒቱን ከጀመርክ ወዲህ ምን አገኘህ? ሆስፒታል ገብተህ ነበር?» ይበለውና የሰማውን ሁሉ፣ ከመድኃኒቱ ጋር ይገናኝ አይገናኝ ሳይል፣ ይጻፍ።