እርማት፦ ስፒከር ላይ የተጻፈው ዋት የጩኸት መለኪያ አይደለም

ለቤት ቲያትር ስፒከር ለሚመርጡ ሰዎች «300 ዋት የሚለው 100 ዋት ከሚለው ሦስት እጥፍ ይጮኻል» የሚል ምክር በተደጋጋሚ ሲሰጥ አያለሁ። በቅንነት የተሰጠ መሆኑን አልጠራጠርም፤ ሆኖም ትክክል አይደለም።

ስፒከሩ ላይ የሚጻፈው ዋት ሳይቃጠል ሊሸከም የሚችለውን ኃይል ይገልጻል። ኃይሉን የሚሰጠው አምፕሊፋየሩ ነው። ስፒከሩ ያንን ኃይል ተቀብሎ ምን ያህል ድምፅ እንደሚያወጣ የሚያሳየው ሌላ ቁጥር ነው፤ መመሪያው ላይ «ሴንሲቲቪቲ» ተብሎ በዴሲቤል (የድምፅ ጩኸት መለኪያ) ይሰፍራል። 3 ዴሲቤል ለመጨመር ኃይሉ እጥፍ መሆን አለበት። ስለዚህ በ1 ዋት፣ በ1 ሜትር ርቀት 84 ዴሲቤል የሚሰጥ ስፒከር፣ 90 ዴሲቤል ከሚሰጠው እኩል ለመጮኽ አራት እጥፍ ዋት ይፈልጋል። ለምሳሌ «100 ዋት» የተባለው ባለ 90 ዴሲቤል፣ «300 ዋት» የተባለው ደግሞ ባለ 84 ዴሲቤል ከሆነ፣ የመጀመሪያው በ20 ዋት የሚያወጣውን ድምፅ ሁለተኛው የሚያወጣው በ80 ዋት ነው።

ጉዳቱ በገንዘብ ብቻ አያበቃም። አነስተኛ አምፕሊፋየር ያለው ሰው ይህን ምክር ተከትሎ ትልቅ ዋት የተጻፈበት ስፒከር ይገዛል፤ ድምፁ ሲያንስበት አምፕሊፋየሩን እስከ መጨረሻው ይከፍተዋል። ያን ጊዜ የሚፈጠረው የተዛባ ድምፅ ትዊተሩን (ቀጭን ድምፅ የሚያወጣውን የስፒከሩን ክፍል) ሊያቃጥለው ይችላል፤ በጣም የሚያሳዝነኝም ይህ ነው።

ከመግዛትዎ በፊት የሚያወዳድሯቸውን የሁለቱንም ስፒከሮች መመሪያ ጎን ለጎን ያንብቡ። የሴንሲቲቪቲው ልኬት በ1 ዋት ፈንታ በ2.83 ቮልት ከተጻፈ ኦሙንም (የስፒከሩን የኤሌክትሪክ መከላከያ መጠን) ይመልከቱ፤ ይህ ቮልቴጅ በ8 ኦም 1 ዋት፣ በ4 ኦም ግን 2 ዋት ስለሆነ፣ ከባለ 4 ኦሙ ላይ 3 ዴሲቤል ቀንሰው ያወዳድሩ።