ጠባቂ የሌላቸው የጣና ደሴቶች

የጣና ደሴቶች ሲነሡ ቀድመው ትዝ የሚሉን ደጋ እስጢፋኖስ፣ ክብራን ገብርኤልና ጣና ቂርቆስ ናቸው። ሐይቁ 37 ያህል ደሴቶች እንዳሉት ይነገራል፤ ከእነዚህ መካከል ግን ቤተ ክርስቲያንም ጎጆም እርሻም የሌለባቸው፣ ከባሕር ዳር ወደ ገዳማቱ የሚሄድ መንገደኛ ስማቸውን እንኳ ሳይጠይቅ የሚያልፋቸው ትንንሾች አሉ። «ሰው ካልኖረባቸው ማን ይነካቸዋል?» ሲባል እሰማለሁ። እኔ ግን የሚጎዳቸው ይኸው ጠባቂ ማጣታቸው ነው እላለሁ።

ከእነዚህ አንዱን ቀረብ ብሎ ያየ ሰው የሚያገኘው እሳተ ገሞራ የተወውን ጥቁር ድንጋይ፣ ጥቂት ዛፎችንና በዳርቻው የበቀለ ደንገል ነው። ድንጋዩም ቅርንጫፉም በወፎች ኩስ ኖራ የተቀባ ይመስላል። ክንፋቸውን ዘርግተው የሚቆሙት ጥቋቁር ዓሣ አዳኝ ወፎች (አንዳንዱ ጎብኚ ሰላምታ የሚሰጡት ይመስለዋል) ላባቸው ውሃ ስለሚይዝ ጠልቆ ማደን ይቀናቸዋል፤ ከወጡ በኋላ ግን ፀሐይ ላይ መድረቅ አለባቸው። ሞተር ጀልባ ለፎቶግራፍ ሲጠጋ ሁሉም ብር ብለው ይነሣሉ፤ ወቅቱ የመራቢያ ከሆነ እንቁላሉ ለፀሐይ፣ ጫጩቱ ለጭላትና ለቁራ ይጋለጣል።

በገዳማቱ ደሴቶች ሀገር በቀሉ ደን የቆየው መነኮሳቱ ምሳር ስለከለከሉ ነው። ባዶዎቹ ላይ «ተው» የሚል የለም።

ከጀልባውም ከምሳሩም ይበልጥ የሚዘነጋው የውሃው ከፍታ ነው። ጣና ሰፊ እንጂ ጥልቅ አይደለም፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታው 14 ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ውሃው አንድ ሜትር ሲወርድ ረባዳው ዳርቻ ርቆ ይሸሻል፣ ለየብስ የቀረበ ትንሽ ደሴትም ከብት የሚሰማራበት ጉብታ ሊሆን ይችላል። በ1995 ዓ.ም. ሐይቁ እጅግ በመውረዱ የመርከብ ጉዞ እስከመቋረጥ ደርሶ ነበር። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በጨረጨራ መቆጣጠሪያ በር ከተሠራ ወዲህ የውሃው ልክ በከፊል በሰው ውሳኔ ሥር ነው፤ ውሳኔው ሲሰጥ ከመብራትና ከመስኖ ጋር ወፎቹም ሊታሰቡ ይገባል።

ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። የበሩ ጉዳይ ጊዜ ቢወስድ እንኳ ባለጀልባዎች ወደ ደሴቶቹ የማይጠጉበትን ርቀት ተስማምተው መወሰን ይችላሉ። አንድ ጊዜ የተሳፈርኩበት ጀልባ ካፒቴን ሞተሩን ከሩቅ አጥፍቶ ጀልባውን ለነፋሱ ተወው። ከወፎቹ አንድም አልተነሣም፤ ፎቶግራፉም አማረ።