መብራት ሄድ መጣ ባለ ቁጥር
የውኃ ፓምፔን የሚያበራው ኢኤስፒ8266 (ዋይፋይ ያለው ትንሽዬ ቺፕ) ሊያሳብደኝ ነው! ሪሴት ቁልፉ (እንደገና ማስነሻው) በ10 ሰከንድ ውስጥ ሁለቴ ሲነካ ወደ ዋይፋይ ማስተካከያው ይገባል፤ ሐሳቡስ ሸጋ ነበር። ሲነሳ ምልክት ይጽፋል፣ 10 ሰከንድ ሲያልፍ ያጠፋል፤ ሳያጠፋ እንደገና ከተነሳ "አሃ፣ ሁለቴ ነኩኝ" ይላል። እኔ ጅሉ ግን ሳጥኑን ላልከፍት፣ ሶኬቱን ነቅዬ እየሰካሁ ላስተካክለው ብዬ ምልክቱን ኃይል ቢቋረጥም የማይረሳው ፍላሽ ሜሞሪ ላይ አስቀመጥኩት። የሰፈራችን መብራት ደግሞ ነቅሎ መሰካት ያውቅበታል! ትናንት ሌሊት ሁለቴ ብልጭ ድርግም ሲል ጌታው ዋይፋዩን ትቶ፣ የራሱን ኔትወርክ ዘርግቶ ተጎልቶ አደረ። ጠዋት ሮቶው ባዶ፤ ፊቴን በሃይላንድ ውኃ ታጠብኩ። ሪሴት ሲነካ ብቻ በማይረሳው አርቲሲ ሜሞሪ ላይ ቢሆን ኃይል ሲቋረጥ ምልክቱም አብሮ ይጠፋ ነበር። አሁን ካቻቢቴ ፍለጋ ላይ ነኝ።