እርማት፦ ሮሌክስ ሰዓት ውስጥ ጂፒኤስ የለም

ወንድሜ፣ «ኦሪጅናል ሮሌክስ ቢሰረቅም ችግር የለም፤ ኩባንያው በቁጥሩ ያለበትን ቦታ ያየዋል» ብለህ ጽፈሃል። ይህን ወሬ ጂማ ውስጥ ከብዙ ሰው ሰምቻለሁ፣ በተለይ ከቡና ነጋዴዎች። እውነት አይደለም። አምኖት ንብረቱን የሚያጣ ሰው እንዳይኖር ብዬ ነው የምመልስልህ።

ዛሬ የሚሸጡት ሮሌክሶች ሜካኒካል ናቸው። ባትሪም፣ ሲምም፣ ምልክት የሚልክ ነገርም የላቸውም። የሚሠሩት በተጠቀለለ ሞላ ነው።

የሰዓቱ መለያ ቁጥር (ሴሪያል ነምበር) ግን ይጠቅማል። በአዲሶቹ ላይ ከመስታወቱ ስር ባለው የውስጥ ቀለበት፣ በ6 ቁጥር በኩል ተቀርጿል። በድሮዎቹ ላይ የሚታየው ማሰሪያው ሲፈታ ነው። ሰዓት ሠሪ ጋ ሄደህ አስፈታውና ፎቶ አንሳው፤ እስኪገጥመውም አጠገቡ ቁም። ደግሞ ቁጥሩ የሚሠራው ስርቆቱ ከተመዘገበ ነው። ለፖሊስ አመልክተህ ማስረጃ ትይዛለህ። ከዚያ ለንደን ያለው ዋች ሬጅስተር ዓይነት የተሰረቁ ሰዓቶች መዝገብ ላይ ታስገባዋለህ። አንድ ነጋዴ ከመግዛቱ በፊት ካጣራ ይያዛል። ዓመታት ሊፈጅ ይችላል፤ ላይገኝም ይችላል።

ዋስትና ካርዱንና ደረሰኙን ከሰዓቱ ጋር አንድ ሳጥን ውስጥ አታስቀምጥ። አብረው ከሄዱ ለሌባው መሸጥ ይቀለዋል፣ አንተም ማስረጃህን ታጣለህ። ካዝና ከገዛህ ከወለሉ ጋር በብሎን ይታሰር፤ ትንሽ ካዝና እንዳለ ተሸክመውት ይሄዳሉ። ኢንሹራንስ ካለህ ሰዓቱ ውሉ ላይ ለብቻው መጻፉን ጠይቅ። ሂርማታ ገበያ ስትወጣ ደግሞ ቤት ይዋል፣ ፎቶውንም ቴሌግራም ላይ አትልቀቅ።