ቁርጥ ዋጋ፣ ያልተቆረጠ ዲዛይን

አንድ ወዳጄ በ2015 ዓ.ም. ለገሀር አካባቢ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ በቁርጥ ዋጋ አስጀመረ። ውሉ ላይ «ምንም ዓይነት የዋጋ ማስተካከያ አይደረግም» የሚል ዐረፍተ ነገር ነበረበት፤ በኩራት ያነብልን ነበር። ዛሬ ሦስተኛው ወለል ላይ ፌሮው ዝጎ ቆሟል። ተቋራጩ ቅድመ ክፍያውን ይዞ ሌላ ሳይት ገባ፤ ክሱም በሽማግሌ አለቀ።

የሰማ ሁሉ «ዶላር ነው» ይላል። አልተሳሳተም። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። ፌሮ እዚሁ ቢመረትም ጥሬ ብረቱ ከውጭ ነው የሚመጣው፤ ሊፍቱም እንዲሁ። ይህን ሁሉ አስቀድሞ አስልቶ ዋጋ የሞላ ተቋራጭ ከነበረ፣ ጨረታውን አላሸነፈም።

የወዳጄ ሕንፃ ግን መታመም የጀመረው ከዶላሩ በፊት ነው። ውሉ ሲፈረም የስትራክቸር ሥዕሉ፣ ማለትም የመሠረቱና የምሰሶዎቹ ንድፍ፣ አላለቀም፤ የአፈር ምርመራውም ለይስሙላ ነበር። ሲቆፈር ውኃ ወጣ፣ መሠረቱ ተቀየረ። ቀጥሎ ለመኪና ማቆሚያ የታሰበው ምድር ቤት ሱቅ ይሁን ተባለ፤ ትእዛዙ በስልክ፣ ያለ ደብዳቤ። ተቋራጩ «ይህ ተጨማሪ ሥራ ነው» ሲል፣ ወዳጄ «ዋጋው ቁርጥ ነው» ይላል። ዋጋ የሚቆረጠው ለታወቀ ሥራ ነው፤ እነሱ የፈረሙት ግምት ላይ ነበር።

ተቋራጩን ንጹሕ እያደረግኩት አይደለም። በዝቅተኛ ዋጋ ጨረታ ወስዶ ኋላ በተጨማሪ ሥራ ማካካስ የቆየ ዘዴ ነው። ቁርጥ ዋጋ ደግሞ ይህን አያስቆምም፤ መንገዱ ሲዘጋበት ከብረቱና ከሲሚንቶው ይቀንሳል፣ ወይም ጥሎ ይሄዳል።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በመንግሥት ውሎች ላይ ያልታሰበ ነገር የውሉን ሚዛን ሲያናጋ፣ አስተዳደሩ ከኪሳራው እንዲጋራ በር ከፍቷል። የግል አሠሪም ይህን በውሉ ቢያስገባ ምን ይጎዳል? በእኔ እምነት ፌሮና ሊፍትን በመሳሰሉ ከዶላር ጋር በተሳሰሩ ጥቂት ዕቃዎች ላይ ብቻ ማስተካከያ ይፈቀድ፤ የቀረው ሁሉ ቁርጥ ይሁን። ግን ሥዕሉ ካለቀ በኋላ።

ወዳጄ አሁን አዲስ ተቋራጭ እያፈላለገ ነው። ባለፈው ሳምንት የውሉን ረቂቅ ላከልኝ፤ ያቺ ዐረፍተ ነገር እንዳለች ናት። «ሥዕሉስ?» ብዬ ስጠይቀው፣ «አማካሪው እየጨረሰው ነው» አለኝ።