መኪናው ከቻይና መጣ፣ መብቱ እዚያው ቀረ

“ውሃ ገብቶበታል። ዋስትናው አይሸፍነውም።”

ጎረቤቴ ከአዲስ አበባ በስልክ የተሰጣቸው መልስ ይሄ ነው። ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን ባጠራቀሙት ላይ ልጆቻቸው ያዋጡትን ጨምረው አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ገዙ። አዲስ ስል የወንበሩ ላስቲክ እንኳ ያልተገፈፈ ማለቴ ነው። ክረምቱ ሳይጋመስ መኪናው ቻርጅ አልቀበልም አለ። ኬብሉን ሲሰኩት ቀይ መብራት ይበራል፣ ስክሪኑ ላይ በቻይንኛ ረጅም ጽሑፍ ይመጣል፣ ከዚያ ዝም። የሰፈር ልጆች በስልካቸው አስተረጎሙላቸው። በአቅራቢያዎ ወደሚገኝ የጥገና ማዕከል ይሂዱ ይላል። የገዙበት ድርጅት ጅማ ላይ ጋራዥ የለውም። ለጅማ ሄርማታ ሰፈር ሰው “አቅራቢያ” የተባለው አዲስ አበባ ነው፤ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ።

መኪናው ሎቤድ ላይ ተጭኖ ሰኮሩን አልፎ፣ የግቤን በረሃ ወርዶ ወጥቶ፣ በወልቂጤ አድርጎ ሄደ። የጭነቱን ሒሳብ የከፈሉት እሳቸው ናቸው። ዋስትናው ማጓጓዣን አይጨምርም ተባሉ። ከቀናት በኋላ በቴሌግራም አንድ ፎቶ መጣላቸው። የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ሶኬት ናት። ውስጧ ካሉት ቀጫጭን የመዳብ እግሮች ሁለቱ አረንጓዴ ሆነዋል። “አባባ፣ መኪናውን ውሃ ውስጥ ነድተውታል” አላቸው የደወለው ልጅ፣ በትህትና። መቀየር ያለበት ግን ሶኬቷ ብቻ አይደለም፤ ከሷ ጋር የተያያዘው ቻርጀር በሙሉ ነው። ከኪስዎ ይከፍላሉ አላቸው።

የድርጅቱን ስም አልጠራም። ጉዳዩ ገና አላለቀም፣ ደግሞም የአንድ ድርጅት አመል ብቻ ቢሆን ኖሮ ይሄን አልጽፍም ነበር።

እስቲ ልጠይቅ። ጅማ ላይ ውሃ ያልነካው መኪና የታለ? እዚህ ዝናቡ መጋቢት ላይ ጀምሮ መስከረምን ይሻገራል። መኪናህ ውሃ እንዳይነካው ከፈለግህ አልጋ ላይ ነው የምታስተኛው። ሲሸጥላቸው በተሰጣቸው ብሮሹር ላይ ደግሞ ይሄው ሞዴል ጅረት እየሰነጠቀ ሲያልፍ ይታያል! ባትሪው “አይፒ67” ነው ይላል ከሥሩ። ይሄ ደረጃ አንድ ሜትር ጥልቀት ባለው ውሃ ውስጥ 30 ደቂቃ ቢቀመጥ ውሃ አያስገባም ማለት ነው። እርግጥ ደረጃው የተሰጠው ለባትሪው ሳጥን እንጂ ለእያንዳንዷ ሶኬት አይደለም። ግን ይሄን ለገዢው ማን ነገረው? ሶኬቷን የሚሸፍነው ጎማ ውሃ አሳልፎ ከሆነስ ጥፋቱ የማን ነው? ዝናቡን ልንከስ ነው?

ከሁሉ በላይ ደም የሚያፈላኝ ግን ሌላ ነው። መኪናውን የሚመረምረው ሻጩ ነው። ጥፋቱ የማን እንደሆነ የሚፈርደው ሻጩ ነው። “ጥፋቱ የኛ ነው” ቢል ከኪሱ የሚያወጣውም ሻጩ ነው። እንዲህ ባለ ችሎት ገዢ የሚረታው መቼ ነው?

“ለመሆኑ ድሮስ ዋስትና ነበረን ወይ?” የሚለኝ አይጠፋም። አልነበረንም። ዲኤክስም ቪትዝም ሌላ አገር አገልግሎ ሲመጣ ማንም ወረቀት አልጠየቀም። አያስፈልግማ! ፍሪሲዮን ቢያልቅ፣ ኩሽኔታ ቢጮህ፣ ካምቢዮ ቢያስቸግር፣ እዚሁ ጅማ መርካቶ አካባቢ ያለ መካኒክ ሞተሩን አስነስቶ ትንሽ ያዳምጥና “ጋሼ፣ ይቺ ናት” ይላል። ዕቃው ሱቅ ውስጥ አለ፤ ከጠፋ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ይላካል። ባጃጅም እንደዚያው ነው። ባጃጅ አይበላሽም የሚል ሰው የለም፣ በየጊዜው ይበላሻል። ግን ጠዋት ቆሞ ከሰዓት ሥራ ላይ ነው። እኛ “ጠንካራ መኪና” የምንለው ከፊሉ የብረቱ ጥንካሬ ነው፣ ከፊሉ ደግሞ ጥግ ላይ ያለው መካኒክ ነው።

አዲሱ መኪና እንዲህ አይደለም። መካኒካችን ከፍቶ ማየት ይችላል፣ ሶኬቷንም ያገኛታል። ግን ብዙው ዕቃ ቢቀየር እንኳ የመኪናው ኮምፒውተር ካልተቀበለው አይሠራም። የማስነበቢያው ፕሮግራም ደግሞ ፋብሪካውና ወኪሉ እጅ ነው ያለው። በዚያ ላይ መካኒኩ ከነካው “ሌላ ጋራዥ ነክቶታል” ይባልና ዋስትናው በዚሁ ይሰረዛል። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣ ሕግ ይሄን ከልክሏል። ፋብሪካው ጥገናውን ወይም ዕቃውን በነፃ ካልሰጠ በቀር “እኔ ጋ ብቻ ካላሠራህ ዋስትና የለህም” ማለት አይችልም። እኛ ጋ ግን ያለ ዋስትና መኖር የሚችለውን መኪና ያለ ዋስትና ስንነዳ ኖረን፣ ያለ ዋስትና መኖር የማይችለው ሲመጣ ዋስትናው ላም አለኝ በሰማይ ሆነ።

እዚህ ውስጥ የገባነው ደግሞ ወደን ብቻ አይደለም። ጥር 2016 ላይ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ማገዱን አስታወቀ። ከዚያ በፊትም ለኤሌክትሪኮቹ ቀረጡን ዝቅ አድርጎ፣ ቫትና ኤክሳይሱን አንስቶ ነበር። በሐሳቡ አልጣላም። ነዳጅ በዶላር ነው የሚገባው፣ መብራቱ ግን የራሳችን ነው፤ ግልገል ግቤ እኮ ከደጃችን ነው። ግን ሰውን በአንድ በር ብቻ ግባ ያለ አካል በሩ ማዶ ያለውንም ማየት አለበት። ቀረጡ ሲቀነስ አብሮ “የምታስመጣ ከሆነ ዋስትናህን እስከ ክፍለ ሀገር ታደርሳለህ” የሚል ነገር ቢመጣ ኖሮ ዛሬ ሌላ ነገር ነበር የማወራው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የምንገዛቸው የኤሌክትሪክ መኪኖች አብዛኞቹ የቻይና ናቸው። ቻይና ውስጥ ለቤት መኪና ገዢ ምን ዓይነት መብት እንዳለ የሚያውቅ ስንት ሰው ነው? እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ ደንብ አላቸው። የነፃ ጥገናው ጊዜ ከ3 ዓመት ወይም ከ60 ሺህ ኪሎ ሜትር ማነስ አይችልም። እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ ላይ የተሻሻለው ደንብ ሥራ ላይ ሲውል ደግሞ ባትሪውና የኤሌክትሪክ ሞተሩ በስም ገቡ። በገዛህ በ7 ቀን ውስጥ ባትሪውን ወይም ሞተሩን መቀየር የሚያስፈልግ የጥራት ጉድለት ከተገኘ ምርጫው ያንተ ነው፤ መኪናው ይቀየርልኝ ወይም ብሬን መልሱ ትላለህ። ያው መኪና ነው። ያው ፋብሪካ፣ ያው ብሎን። መርከብ ላይ ተጭኖ ጅቡቲ ሲደርስ ግን መብቱ ከላዩ ላይ ይራገፋል። ብዙ ፋብሪካዎች ዋስትናውን መኪናው መጀመሪያ በተሸጠበት አገር ብቻ ስለሚገድቡት፣ ከቻይና ገበያ ገዝቶ ያመጣ ነጋዴ ጋ ስንሄድ “ፋብሪካው አያውቀንም” ይለናል። ፋብሪካውን ብንጠይቅ ደግሞ ነጋዴውን አላውቀውም ይላል።

ፋብሪካ ሲገደድ የሚያደርገውን አይተናል። እ.ኤ.አ. በ2021 ሀዩንዳይ ባትሪያቸው እሳት ያስነሳል የተባሉ 82 ሺህ ያህል የኤሌክትሪክ መኪኖችን ከመላው ዓለም ጠርቶ ባትሪ ሊቀይር ተነሳ፤ አብዛኞቹ ኮና የተባለው ሞዴል ነበሩ። በዚያው ዓመት ጄኔራል ሞተርስ ሸቭሮሌ ቦልት የተባለውን መኪና አንድ ሳይቀር ጠራ፤ ባትሪውን የሠራው ኤልጂም እስከ 1.9 ቢሊዮን ዶላር ሊከፍለው ተስማማ። ይሄ ሁሉ ከደግነት የመጣ አይመስለኝም። ተቆጣጣሪ አለ፣ ፍርድ ቤት አለ፣ ጋዜጣ አለ። ዝም ማለት ከመክፈል በላይ ያስከፍላል።

እኛስ ሕግ የለንም? አለን። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የገዛኸው ዕቃ ጉድለት ከተገኘበት፣ በገዛህ በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርልህ ወይም ገንዘብህ እንዲመለስልህ መጠየቅ ትችላለህ ይላል። ጫማ ከሆነ 15 ቀን ይበቃል። መኪና ግን ጉዱን የሚያወጣው ከመጀመሪያው ክረምት በኋላ ነው። በጥቅምት የገዛ ሰው ሰኔ ላይ ምን ይበል? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ይሻላል። ሻጭ ዕቃው ጉድለት እንደሌለበት ዋስ ነው ይላል። ገዢው ጉድለቱን እንዳየ ሳይዘገይ ለሻጩ ማስታወቅ፣ ካስታወቀ በኋላም በአንድ ዓመት ውስጥ መክሰስ አለበት። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሸወደው። “ነገ ደውል”፣ “ኢንጂነሩ መስክ ወጥቷል”፣ “ዕቃው መንገድ ላይ ነው” እየተባለ ጊዜው ይነጉዳል። ስልክ ደግሞ ማስረጃ ሆኖ ለማቅረብ ያስቸግራል። ስለዚህ ወንድሜ፣ እህቴ፣ መጀመሪያ ደብዳቤ ጻፉ። ቀኑን ጻፉበት፣ ገቢ አስደርጉት፣ ቅጂው ላይ ማህተም አስመቱ። ከዚያ በኋላ የፈለጋችሁትን ያህል ደውሉ።

ለነጋዴዎቹም ትንሽ ልሟገት። መለዋወጫ ለማምጣት ዶላር ጠብቀው ወራት የሚያልፍባቸው አሉ። በእያንዳንዱ ከተማ ጋራዥ ክፈቱ ማለትም ቀላል አይደለም። እሺ። ግን እንዲያ ከሆነ በራችሁ ላይ “የ8 ዓመት የባትሪ ዋስትና” ብላችሁ በትልቁ አትስቀሉ። ወይም ከሥሩ “ለአዲስ አበባ ብቻ፣ ለደረቅ ወራት ብቻ” ብላችሁ ጨምሩበት። እንወቀው።

እኔ የምለው ሩቅ ነገር አይደለም። “ውሃ ገብቶበታል” የሚለውን ቃል ሻጩ ብቻውን እንዳይበይነው ነው። እዚሁ ኪቶ ፉርዲሳ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለ። መካኒካል ኢንጂነሪንግ ያስተምራል፣ ኤሌክትሪካል ያስተምራል። ሻጭና ገዢ ሲካረሩ የተበላሸውን ዕቃ ተቀብሎ፣ አይቶ፣ ጎማው ከመጀመሪያውም የላላ ነበር ወይስ ሰውየው ወንዝ ውስጥ ገብተዋል የሚለውን በጽሑፍ የሚሰጥ ገለልተኛ ቡድን ማቋቋም ምን ያህል ይከብዳል? ተማሪው ይማርበታል፣ ፍርድ ቤቱም የባለሙያ ቃል ያገኛል። የንግድ ሚኒስቴር ደግሞ የቻይናውን ደንብ አስተርጉሞ “አስመጪ ሆይ፣ መኪናው በተሠራበት አገር ለገዢ የሚሰጠውን ያህል ትሰጣለህ” ቢል አዲስ ነገር መፍጠር እንኳ አይጠበቅበትም።

ጎረቤቴ ደብዳቤያቸውን ጽፈው ገቢ አስደርገዋል። የጠየቁት ብር አይደለም። ሶኬቷን ስጡኝና በገለልተኛ ባለሙያ ላስመርምራት ነው ያሉት። ድርጅቱ ፎቶዋን በቀናት ውስጥ ነበር የላከው፤ ሶኬቷን ግን እስካሁን አልሰጠም።