ሁሉም 20 የሚተነፍስበት ክፍል

ለልምምድ የወጣ ጀማሪ ተማሪ ነርስ የሞላውን ቻርት ገልጦ ማየት ነው። ትንፋሽ በደቂቃ፦ አልጋ 1፣ 20። አልጋ 2፣ 20። የሳንባ ምች ይዞት፣ ትራስ ተደግፎ የሚያለከልከው አልጋ 7ም፣ ተመስገን፣ 20። ክፍሉ በሙሉ እንደ ሰልፈኛ በአንድ ትእዛዝ ይተነፍሳል።

ስንፍና ብቻ እንዳይመስላችሁ። ትንፋሽ መቁጠር ለጀማሪ አይማርክም፤ መሣሪያ የለውም፣ አንገት ላይ አይንጠለጠልም። አንገት ካነሣን አይቀር፣ ስቴቶስኮፕ፣ የደረት ማዳመጫው! ፈረንሳዊው ሐኪም ላኔክ በ1816 ወረቀት ጠቅልሎ የታማሚዋ ደረት ላይ ሲያስጠጋ ፍላጎቱ መስማት ነበር። የዛሬው ጀማሪ መጀመሪያ ፎቶ ይነሣበታል። ከዚያ ጆሮ ውስጥ የሚገቡትን የማዳመጫውን ጫፎች ወደ ኋላ አዙሮ ይሰካና «ምንም አይሰማም» ይላል። ምን ይስማ? ጫፎቹ ወደ አፍንጫ አቅጣጫ ማዘንበል አለባቸው። ባለሁለት ፊት ከሆነ ደግሞ የትኛው ፊት እንደተከፈተ በጣት መታ አድርጎ ማወቅ ነው። በአልኮል ሳይጠርጉት ከደረት ደረት የሚያዞሩትንስ ባላነሣ ይሻላል።

የቆየ ቂሜ ግን ካፍን፣ ክንድ ላይ ታስሮ የሚነፋውን የደም ግፊት መለኪያ መቀነት፣ በሹራብ ላይ ከሚያስሩት ጋር ነው። ታማሚው 5 ደቂቃ ዐርፎ፣ ጀርባው ተደግፎ፣ እግሩን ሳያጣምር፣ ክንዱ ከልቡ ትክክል ይሆናል። ካፉ ከክርን እጥፋት 2 ወይም 3 ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ በባዶ ክንድ ይታሰራል። የእጅ አንጓው ፐልስ፣ ማለትም የደም ሥር ምቱ፣ እስኪጠፋ ይነፋል፣ 30 ሚሊሜትር ይጨመራል፣ ከዚያ በሰከንድ ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር እየተለቀቀ ይደመጣል። ጀማሪው ቫልቩን ባንዴ ይበረግደዋል፤ መርፌው ቁልቁል ይወርዳል፤ «120 በ80» ይጻፋል። 125 የሚጽፍም አለ። መደወያው የተከፈለው በ2 በ2 ነው፤ 125ን ከየት አመጣው? ለወፍራም ክንድ ጠባብ ካፍ ሲታሰርማ ጭራሽ ደህናው ሰው ግፊት አለብህ ይባላል። መድኃኒትም ሊታዘዝለት ይችላል። እዚህ ላይ ቀልድ የለም።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለውን ተረት እንደምወደው የምወደው የለም። ጀማሪ ሁሉን ሲሮጥ ነው የሚታጠቀው፦ ጓንቱን እጁ ሳይደርቅ፣ የእጅ አልኮሉን ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ማሸት ሲገባው ሁለቴ አጨብጭቦ። ግን ማን ነው የሚያስሮጠው? ክፍሉን በሙሉ አስረክቦ «ራውንድ (የሐኪሞች ጉብኝት) ሳይጀመር ጨርስ» የሚለው ነባር ነርስ ነዋ! 20ንም ቢሆን ተማሪው ከልቡ አላፈለቀውም፤ ከትናንቱ ገጽ ቀዳው። የትናንቱን ገጽ የሞላው ደግሞ ተማሪ አይደለም።

የትንፋሹ ነገር ሊቀር ነው። ፐልስ ተቆጥሮ ሲያልቅ ጣትን ከአንጓው ሳያነሡ ዓይንን ወደ ደረት ማሻገር ነው። «ትንፋሽህን ልቁጠር» አይባልም፤ ሰው መታየቱን ካወቀ አተነፋፈሱን ይለውጣል። አንድ መውጣትና አንድ መውረድ፣ አንድ ነው። ካልተዛባ 30 ሰከንድ ቆጥሮ በ2 ማባዛት፣ ከተዛባ ሙሉ ደቂቃ መቁጠር። 15 ሰከንድ ቆጥሮ በ4 የሚያባዛ ሰው አንድ ትንፋሽ ሲስት አራት ሳተ። ያረፈ ጤነኛ አዋቂ ከ12 እስከ 20 ይተነፍሳል። ታማሚ ሊዳከም ሲል ብዙ ጊዜ የደም ግፊቱ ሳይወርድ ትንፋሹ ይፈጥናል፤ ቀድሞ የሚናገረው እሱ ነው።

ታዲያ አንዱ ተማሪ በትክክል ቆጥሮ 32 ብሎ ቢጽፍ፣ ነባሩ መነጽሩን ዝቅ አድርጎ «እርግጠኛ ነህ? እስኪ ድገመው» ይለዋል። 20 የጻፈውን ድገም ያለው የለም።